በማር የተወራረድንበት መሬት

ሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው ኢንግልዉድ ከገባን ወዲህ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ አባቴ ንግግሩን ያቋርጣል። አፉን እንደከፈተ ይጠብቅና ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። እናቴ «ፓይለቱ ፈቀደልህ?» ትለዋለች። ቤቱ ጥሩ ነው። የራሴ መኝታ ክፍል አለኝ፣ ከመስኮቴ ፊት ለፊትም የሎሚ ዛፍ አለ። ሁላችንም ዝም በምንልባት በዚያች ቅጽበት ግን ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ፌርፋክስ ጎዳና ነው፤ ማንም ለማንም ንግግሩን የማያቋርጥበት፣ ሁሉም ባንዴ እየተናገረ በሆነ ተአምር ሁሉም የሚደማመጥበት እናቴ ትሠራበት የነበረው ምግብ ቤት የኋላ ጠረጴዛ።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከፒኮ መንገድ ወረድ ብሎ ባለ አፓርትመንት ነው። እናቴ ፌርፋክስ ላይ ከተከፈቱት ከመጀመሪያዎቹ የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች ባንዱ ወጥ ትሠራ ነበር። አባቴ ዳውንታውን መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ የራሱን አይደለም፣ የሰው። እኔ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ይዤ በቀጥታ ወደ ምግብ ቤቱ እሄድና የኋላው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዬን እዘረጋለሁ። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጠር ስለሚል ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ነበረው። የሆነ ሰው ክርኑን ሲያሳርፍ የኔ ፊደል ይወላገዳል። ያን ዘመን የጻፍኩት ሁሉ ትንሽ የተወላገደ ነው።

አመሻሽ ላይ አባቴ ከሥራ ሲወጣ ጋሼን ይዞ ይመጣል። ጋሼ ዘመዳችን አይደሉም። እዚያው መኪና ማቆሚያ በር ላይ በመስታወት ቤት ተቀምጠው ቲኬት የሚሰጡ ሽማግሌ ናቸው። ለዚያች የመስታወት ቤት በየቀኑ ከረባት ያስራሉ። አገር ቤት ሳሉ ወጣትነታቸውን በሙሉ የጨረሱት በርስት ክርክር ነበር። «ሰው ገበያ እንደሚሄድ እኔ ፍርድ ቤት እሄድ ነበር» ይላሉ፣ ቅር ሳይላቸው፤ እንዲያውም እንደ ሠርግ ትዝታ ነው የሚያወሩት። ስንቱን እንደረቱ፣ በስንቱ እንደተረቱ ሲጠየቁ «መቆሙ ነው ደስ የሚለው» ብለው ያልፉታል።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ መቆም የሚባል ነገር እፈራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት የምማረው ኢኤስኤል ውስጥ ነበር፤ እንግሊዝኛ አዲስ ለሆነብን ልጆች በተለየ ክፍል። ታሪክም እዚያው ነው የምንማረው። ከጎኔ ከኤል ሳልቫዶር የመጣች ልጅ ትቀመጣለች፤ ከእሷ ጋር በምልክትና በሳቅ ነበር የምንግባባው፣ በጣም እወዳታለሁ። የጠላሁት ሥራውን ነው። በየቀኑ የሚሰጠን ወረቀት «ባዶ ቦታውን ሙሉ» የሚል ነው። አንድ ቃል፣ ሰረዝ፣ አንድ ቃል፣ ሰረዝ። እኔ ግን ሙሉ ገጽ መጻፍ ፈልጌ ነበር። በመደበኛው ክፍል ያሉት ልጆች ሙሉ መጽሐፍ ያነባሉ፣ ሙሉ ገጽ ይጽፋሉ። በመስኮት ሳያቸው የተራበ ሰው በሚበላ ሰው እንደሚቀና ነበር የምቀናባቸው።

አስተማሪያችን ይህን ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ከደወል በኋላ አስቀረችኝና «ስትጽፊ ጎበዝ ነሽ፣ ስትናገሪ ግን የለሽም» አለችኝ። «ከገና በፊት ክፍሉ ውስጥ ፍርድ ቤት እናቋቁማለን። አንቺ ጠበቃ ትሆኛለሽ። ቆመሽ፣ ወረቀት ሳታነቢ ከተከራከርሽ ወደ መደበኛው ክፍል እንድትዛወሪ እፈርማለሁ። ካነበብሽ ግን አንድ ዓመት እዚሁ ትቆያለሽ።»

ያን ሰሞን የምንማረው አሜሪካ ገና ልጅ ስለነበረችበት ጊዜ ነው። ከእንግሊዝ ከተላቀቀች ብዙ አልቆየችም፤ በአንድ በኩል ወደ ምዕራብ ትሰፋለች፣ በሌላ በኩል ማን በምን ላይ ሥልጣን እንዳለው እቤቷ ውስጥ ትጨቃጨቃለች። እኔን የማረኩኝ ዳኞቹ ነበሩ። መጀመሪያ የራሳቸው ሕንፃ እንኳ ስላልነበራቸው ከምክር ቤቱ ምድር ቤት ችሎት የተቀመጡበት ጊዜ ነበር። ጦር የላቸውም፣ ግምጃ ቤት የላቸውም። ያላቸው ቃል ብቻ ነው። በዚያ ቃል ግን «ሕጉ ምን እንደሚል የምንናገረው እኛ ነን» ብለው ፈረዱ፣ አገሩም እያጉረመረመ ተቀበለ። በቃል ብቻ! አውቶቡስ ውስጥ ይህን ሳስብ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

የደረሰኝን ጉዳይ ያወጣሁት ከአስተማሪያችን የቤዝቦል ኮፍያ ውስጥ በዕጣ ነው። በምዕራብ በኩል አንድ መሬት አለ፤ ሁለት ወገን «የኔ ነው» ይላል። አንደኛው ወገን መሬቱን እዚያው ይኖሩ ከነበሩት ከቀይ ሕንዶቹ ገዝቶታል። ሁለተኛው ቆይቶ ከአሜሪካ መንግሥት ነው ያገኘው። የማን ነው? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፈረደው ለሁለተኛው ነው። ከሕንዶቹ መሬት መግዛት የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው አለ። ለእኔ የደረሰኝ የመጀመሪያው ነው። የተሸነፈው።

ያን ዕለት ማታ ለጋሼ በአማርኛ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«የኔ ሰው መሬቱን ከሕንዶቹ ነው የገዛው።»

«ሕንዶች ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አሉ ጋሼ ጉርሻቸውን አቁመው።

«የኔ የሒሳብ አስተማሪ ሕንድ ነበር» አለ አባቴ። «መሬት የሚሸጥ ዓይነት ሰው አልነበረም። እርሳስ እንኳ አያበድርም።»

«እነዚያ አይደሉም! ቀይ ሕንዶች! የአገሩ ባለቤቶች!»

«እ! እንዲህ በይ እንጂ። ከባለቤቱ ከገዛ ምን ክርክር አለው?»

«መንግሥት አገሩን የምገዛው እኔ ነኝ ብሎ ለሌላ ሰው ሰጠዋ።»

ጋሼ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ቆይ። ሰውየውም ገዛ፣ መንግሥትም ገዛ?»

«አዎ... አይ። የኔ ሰው በገንዘብ ገዛ። መንግሥት ደግሞ... ገዛ።»

«በምን?»

«በመግዛት!»

አባቴ ሳቁ ትን አለው። እናቴ ከማጀት ብቅ ብላ ማንኪያዋን ወደኛ ቀሰረች። «ምን ያስቃል? ሁለት ዓይነት መግዛት አለ። አንዱ ከፍለሽ ነው። አንዱ እንደ አባትሽ ተኮፍሰሽ ነው።»

«እኔ ማንን ገዝቼ አውቃለሁ?» አለ አባቴ።

«እሱንማ ተወው፣ ሞክረህ ነው ያልቻልከው።»

ጋሼ ግን አልሳቁም፤ ነገር ሸቷቸዋል። ከረባታቸውን ላላ አድርገው «ተነሺ» አሉኝ። «ሙግት በእግር ነው። ከጠረጴዛው ኋላ አትደበቂ፣ ወጣ በይ። ሰው ይስቅብሻል፤ ሲስቅብሽ እንዳትቀመጪ። የሳቀውን ጠይቂው። የተጠየቀ ሰው ሳቁን ያቆማል።»

«ጋሼ፣ አንተ ግን...»

«አንቱ በይ!» የሚል ድምፅ ከማጀት መጣ።

«እሺ፣ እርስዎ ግን... መጽሐፉ ላይ እኮ ይሄ ወገን ተረትቷል።»

«ይግባኝ ይበላ!»

«ከዚያ በላይ ፍርድ ቤት የለም።»

«ንጉሡስ?»

«ንጉሥ የላቸውም። ፕሬዚዳንቱም ቢሆን ዳኞቹ የፈረዱትን መሻር አይችልም።»

«አይችልም?» ጋሼ አባቴን እንደ ምስክር አዩት። «እኛ ዘንድ እኮ ዳኛው ቢያጣምም ዙፋን ችሎት ድረስ ይጮኻል። እዚህ ዳኛው ራሱ ቢሳሳት ለማን ይጮኻል?»

መጽሐፉን ገለጥኩ፤ መልሱ እዚያ አልነበረም።

«ግዴለም» አሉ። «ትረቻቸዋለሽ።»

«አልረታቸውም ጋሼ፣ ተጽፏል።»

«በማር!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ፣ ብርጭቆዎቹ ወደ አጭሩ እግር ተንሸራተቱ። ያኔ ነው የድሮ ተሟጋቾች ዳኛ ፊት ቆመው እንደሚወራረዱ የነገሩኝ፤ ሀብታሙ በበቅሎ፣ ድሃው በማር። «ትረቻለሽ እላለሁ፣ አልረታም ትያለሽ። የተሸነፈ ማር ያመጣል።»

«ጋሼ፣ ልጄን ቁማር ሊያስተምሩ ነው?» አለ አባቴ።

«ቁማር አይደለም፣ ሥርዓት ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው እንግዲህ ኢንግልዉድ ተኝቼ የምናፍቀው። ማታ ማታ ምግብ ቤቱ ቀዝቀዝ ሲል ችሎት ይቀመጣል። እኔ ከጠረጴዛው ወጣ ብዬ እቆማለሁ። አባቴ ተቃዋሚዬ ይሆናል። ዳኛው ያን ማታ ሊበላ የመጣ ማንም ሰው ነው። አንዴ የታክሲ ሹፌር፣ አንዴ ነርስ፣ አንዴ ደግሞ ምንም ያልገባው፣ ግን «አልቀበልም! አልቀበልም!» ማለት በጣም የተመቸው የጎረቤት ልብስ ሰፊ። እንግሊዝኛውን ሳውቅ በእንግሊዝኛ፣ ሳጣ በአማርኛ እከራከራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ድምፄ ከፍሪጁ አይበልጥም ነበር። «ፍሪጁ ረታሽ» ይሉኛል ጋሼ። ቀስ በቀስ ፍሪጁን በለጥኩት።

አባቴ ተንኮለኛ ተቃዋሚ ነበር። አንድ ማታ ከኪሱ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት አወጣ። «ክቡር ዳኛ፣ ይሄው ወረቀቴ። የሰጠኝ መንግሥት ነው። ቲኬት የያዘ ነው ባለመኪና፣ አለቀ።»

እናቴ ሳህን እያነሳች በዚያ ስታልፍ «አንተ በቀን ስንት መኪና ድራይቭ ታደርጋለህ?» አለችው።

«ኧረ ስንቱን።»

«ቁልፉ ባንተ እጅ ነው?»

«ታዲያ በማን?»

«የቱ ነው ያንተ?»

ልብስ ሰፊው ባይገባውም አጨበጨበ። አባቴ ቲኬቱን አጣጥፎ ወደ ኪሱ መለሰ። እኔ ያንን ደብተሬ ላይ ሳይሆን ልቤ ላይ ጻፍኩት።

ቀኑ ደረሰ። ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ ዙሪያውን ተደርድረዋል። ሦስት ልጆች ከመዘምራን ክፍል የተዋሱትን ካባ ለብሰው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው የክፍሉ ቀልደኛ ልጅ ነበር፣ ካባው እስከ ጣቶቹ ጫፍ ድረስ ውጦታል። ንግግሬን በእንግሊዝኛ የጻፍኩበትን ካርድ ጓደኛዬ ጭን ላይ አስቀምጬ ተነሳሁ። አስተማሪያችን ከኋላ በር አጠገብ እጆቿን አጣምራ ቆማለች።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንድ ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም። «ደንበኛዬ ይህን መሬት ከሕንዶቹ ገዝቷል።» በቃ ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ በገንዘብ መግዛት «ቦት» ነው፤ አገር መግዛት ደግሞ «ሩልድ» ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ገዛ። አፌን ስከፍት የተሳሳተው ቀድሞ ወጣ።

«ደንበኛዬ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ይህን መሬት ሩልድ።»

ሰብሳቢው ዳኛ ካባውን ሰበሰበና «ደንበኛሽ ንጉሥ ነው እንዴ?» አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጓደኛዬ ካርዱን ከጭኗ አንስታ ወደኔ ዘረጋችው፤ በዓይኗ «አንብቢ፣ በቃ» ትለኛለች። እጄ ተነሣ። እውነቴን ነው፣ ካርዱን ነካሁት። ከወሰድኩት አንድ ዓመት ባዶ ቦታ መሙላት ነው። ካልወሰድኩት ደግሞ ምን እንደምል አላውቅም።

ያኔ የጋሼ ድምፅ መጣልኝ። ካርዱን ትቼ ከጠረጴዛዬ ኋላ ወጣሁና ሰብሳቢው ልጅ ፊት ቆምኩ።

«ክቡር ዳኛ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩት። «አሁን ምንድነው ያሳቀህ?»

ሳቁን አቆመ። ዳኛ ይጠየቃል ብሎ አላሰበም። «ቦት ማለት ሲገባሽ ሩልድ አልሽ።»

«ልዩነት አላቸው?»

«አላቸው እንጂ።»

«ጥሩ» አልኩ። ልቤ ይመታል፣ ግን ደስ የሚል አመታት ነው። «በእኔ ቋንቋ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው። ለዚህ ነው የተሳሳትኩት። ሳቃችሁብኝ፣ ኦኬ። ግን ተቃዋሚዬም የተሳሳተው ይህንኑ ነው፤ በእሱ ግን ማንም አልሳቀም። የእሱ መንግሥት ያንን አገር ሩልድ። ልክ ነው። ቦት ግን መቼ? ከማን? እኔ በአንድ ቃል ተሳስቼ የክፍል ሳቅ አገኘሁ። እሱ በዚያው ስህተት መሬት አገኘ።»

ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ ብቻ «ኡውው» አለ።

ከዚያ ስለ አባቴ ነገርኳቸው። በቀን ስንት መኪና እንደሚነዳ፣ ቁልፉ ሁሉ በእጁ እንደሆነ፣ አመሻሽ ላይ ግን በአውቶቡስ እንደሚመለስ። ከዚያ መጽሐፋችንን ከፍቼ ካርታውን አሳየኋቸው። ምሥራቁ በቀለም ያሸበረቀ፣ ምዕራቡ ነጭ። «እኛ በዚህ ክፍል ባዶ ቦታ መሙላት እናውቅበታለን» አልኩ። «ይሄ ግን ባዶ ቦታ አይደለም። የሳለው ሰው ነው ባዶ ያደረገው።» እዚህ ላይ ሰዋስው እንደጠፋብኝ አውቃለሁ፣ ግን ቀጠልኩ። ስቀመጥ ካርዱ አሁንም ጓደኛዬ እጅ ላይ ነበር፣ በላቧ ርሷል።

ዳኞቹ ኮሪደር ወጥተው ተመካከሩ። ሲመለሱ ሰብሳቢው ወደ መሬት እያየ ፈረደ። ሁለት ለአንድ፣ ለተቃዋሚዬ።

«ለምን?» አለች አስተማሪያችን።

«መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው ያለው።»

አስተማሪያችን ጣሪያውን አየች። ከዚያ ወደኔ መጣችና ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ጃንዋሪ ላይ እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳላይሽ» አለችኝ።

ያባረረችኝ መሰለኝ። ምን አጠፋሁ? ዓይኔ እንባ ሞላ። ጓደኛዬ ግን በክርኗ ጎኔን ወግታ፣ በጣቶቿ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው አየር ላይ አሳየችኝ፤ ላይ፣ ላይ፣ ላይ። ያኔ ገባኝ። እሷም ስቃ ስቃ መጨረሻ ላይ አቀፈችኝና ትንሽ ቆየች። ከጃንዋሪ በኋላ አጠገቤ እንደማትቀመጥ ከእኔ ቀድሞ የገባት እሷን ነበር። ያንን ወንበር አሁንም አስበዋለሁ።

ከአውቶቡስ ወርጄ ፌርፋክስን በሩጫ ነው የጨረስኩት። በሩን ከፍቼ «ተረታሁ!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴና ጋሼ የኋላው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። «ተረታሽና እንዲህ ትፈነድቂያለሽ?» አለ አባቴ። እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ቆሜ ነገርኳቸው፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ሩልድ ያልኩበት ላይ ስደርስ ጋሼ ጭንቅላታቸውን ያዙ። የሳቀውን የጠየቅኩበት ላይ ስደርስ ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ። ስለ አባቴ ቁልፎች ስናገር አባቴ ሜኑውን አንሥቶ ማንበብ ጀመረ፤ በልቡ የሚያውቀውን ሜኑ። ፍርዱን ስነግራቸው ሦስቱም ባንድ ድምፅ «ይግባኝ!» አሉ።

«የለም እኮ አልኳችሁ።»

«ክፍሉስ?» አለች እናቴ።

«እሱንማ ረታሁ።»

እልል አለች። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከገንዘብ መቀበያው «ማን ወለደ?» ብላ ጮኸች።

በማግስቱ ጋሼ ከረባታቸውን አስረው መጡና በቡናማ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከረጢቱን ስከፍት ከሱፐርማርኬት የተገዛ ማር ነው፤ ያ የፕላስቲኩ፣ በድብ ቅርጽ የተሠራው፣ ቢጫ ኮፍያ ያደረገው። «እነዚህ ሰዎች ማርን እንዲህ ያለብሱታል» አሉ ድቡን በጥርጣሬ እያዩ።

አባቴ ተቃወመ። «ጋሼ፣ ማር ያለባት እሷ ናት። እርስዎ ትረታለች አሉ፣ እሷ አልረታም አለች። ክፍሉን አልፋለች፣ ረትታለች። በሉ ድቡን ይመልሱ።»

«የተወራረድነው በመሬቱ ነው» አሉ ጋሼ። «በመሬቱ ተረትታለች።»

«ሁለት ለአንድ፣ ያውም መጽሐፍ ገልብጠው!» አለ አባቴ። «እሱም ፍርድ ነው?»

ጋሼ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ወጣትነታቸውን በሙሉ ይግባኝ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ፍርድ ዝም ብለው ሲቀበሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። የድቡን ኮፍያ በጥንቃቄ አዙረው ከፈቱት።

«ዳኛ ፈርዷል» አሉ። «ንጉሥ በሌለበት አገር ለማን እጮኻለሁ? ማንኪያ አምጡ።»

እናቴ አራት ማንኪያ አመጣች። ጋሼ የድቡን ሆድ ጫን ሲያደርጉት አቃሰተ፣ ሁላችንም ሳቅን። አባቴ ክርኑን ሲያሳርፍ ጠረጴዛው ወደ አጭሩ እግር አዘነበለ፤ ድቡም በቀስታ፣ እየተንሸራተተ፣ ወደኔ መጣ።